በሐዋሳ ለዕለት ጉዳይ በእግር መሄድን እንዴት እናበረታታ? ለውጡንስ በምን እንለካ?

ሐዋሳ ለእግረኛ የተመቸች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በምዕራብ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ዳር የታቦር ተራራ፣ በደቡብ አላሙራ ከብበዋት መሐሉ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ በፕላን ስለተቆረቆረችም ዋና ዋና ጎዳናዎቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ በእግሩ የሚወርድ ሰው ዳገት የሚባል ነገር አያጋጥመውም። እንዲህም ሆኖ አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ እጃችንን ለባጃጅ የምንዘረጋ ጥቂቶች አይደለንም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከጎረቤቶቼና ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በእግር መሄድን ለማበረታታት በሞከርንበት ጊዜ የተሳካልንንም የተበላሸብንንም ለሌላ ሰፈር፣ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት እንዲጠቅም በማሰብ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በከተማችን በእግሩ የሚሄድ ሰው ሞልቷል። ጠዋት ደብተሩን አቅፎ የሚሄደው ተማሪ፣ በ2008 ዓ.ም በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሥራ ፈረቃ ሲቀየር በቡድን በቡድን ሆነው የሚሄዱት ወጣት ሠራተኞች፣ ጎመንና ቲማቲም ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወጡት እናቶች ማንም ሳያበረታታቸው በእግራቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሥራው ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ዛሬ አማራጭ አጥቶ የሚሄደው ሰው ነገ ትንሽ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚተወው ነገር እግሩ እንዳይሆን መንገዱን ማመቻቸት ነው፤ ሁለተኛው በባጃጅና በመኪና የሚደረገውን አጭር ጉዞ ወደ እግር መመለስ ነው። አብዛኛው ዘመቻ ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ስለሚነሣ አስቀድመው በእግራቸው የሚሄዱትን ይረሳቸዋል። እኔ ግን የእነርሱ መንገድ ከተሻሻለ፣ የእግረኛው ቁጥር በአንድም ባይጨምር እንኳ፣ ሥራው ተሳክቷል እላለሁ፤ መለኪያችንም ይህን የሚያሳይ መሆን ይኖርበታል።

የሚለካው ምንድን ነው?

ስለ እግር ጉዞ ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው ስልኩን አውጥቶ የእርምጃ ቁጥሩን ያሳያል። በቀን 10,000 እርምጃ የሚለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው፤ የመሣሪያው ስም «የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» እንደ ማለት ነበር። ቁጥሩ ለማስታወስ ይቀላል እንጂ ስለ ትራንስፖርት የሚነግረን ነገር የለም። እሑድ ማለዳ ቱታውን ለብሶ ሐይቁ ዳር ለዳር አሥር ሺህ እርምጃ የሚረግጥ ሰው ሰኞ እንጀራ ለመግዛት ከቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ በባጃጅ ሊሄድ ይችላል። የእሑዱ ስፖርት መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድም የባጃጅ ጉዞ አልተካም። በ2011 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረውን «መንገድ ለሰው» የተባለውን ከተሽከርካሪ ነጻ ቀን የማየውም እንደዚሁ ነው፤ ሰው ጎዳናው የእርሱም መሆኑን እንዲያስብ ያደርገዋል፣ የማክሰኞን ጠዋት ግን ማክሰኞ ጠዋት ወጥቶ መለካት ይገባል።

ስለዚህ የምንቆጥረው ጉዞን ነው። ጉዞ ማለት መነሻ፣ መድረሻና ጉዳይ ያለው መንገድ ነው። ከቤት ወደ ጉሊት አንድ ጉዞ፣ ከጉሊት ልጅን ለማምጣት ወደ ትምህርት ቤት ሌላ ጉዞ ነው። ከአቶቴ ሰፈር ተነሥቶ እስከ ባጃጅ መያዣው ሦስት ደቂቃ በእግሩ የሄደና ቀሪውን በባጃጅ የጨረሰ ሰው ጉዞው የባጃጅ ጉዞ ተብሎ ይመዘገባል፤ የእግር ደቂቃዎቹ ግን በሌላ ዓምድ ሊያዙ ይችላሉ። ይህን ትርጉም ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ማስፈር ግድ ነው፤ አለበለዚያ አንዱ ቆጣሪ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይቆጥርና ከስድስት ወር በኋላ የታየው ለውጥ የትርጉም ለውጥ ሆኖ ይገኛል።

ለዕለት ጉዳይ በእግር መሄድ ለጤናም የሚበቃ መሆኑን ለሚጠራጠር ሰው ስሌቱን ማሳየት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ከቤቱ እስከ ሥራው 1.5 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሰው ቀልጠፍ ብሎ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢራመድ 18 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ደርሶ መልስ 36 ደቂቃ፣ በአምስት የሥራ ቀናት ደግሞ 180 ደቂቃ ይሆናል። ይኸው ሰው ጂም ሳይገባና ቱታ ሳይገዛ የሳምንቱን ድርሻ ጨረሰ ማለት ነው።

ከዘመቻው በፊት የሚደረግ ቆጠራ

ማንኛውም ማበረታቻ ከመጀመሩ በፊት መነሻው መታወቅ አለበት፤ ሳይመዘን የከሳና የወፈረ አይታወቅም። ቆጠራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰው፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃሉ።

በመጀመሪያ አንድ መንገድ ይምረጡና በመንገዱ ላይ የሐሳብ መስመር ያስምሩ፤ ለምሳሌ ከአንድ የመብራት ምሰሶ ተነሥቶ ማዶ እስካለው የሱቅ በር ድረስ። ያንን መስመር ያቋረጠ ሁሉ ይቆጠራል፤ ያላቋረጠ ምንም ያህል ቢቀርብ አይቆጠርም። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢያልፍ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም የምንቆጥረው ማለፍን ነው። በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን አይቆጠርም፤ በራሱ እግር የሚሄድ ልጅ ግን ቁመቱ ምንም ቢያንስ ይቆጠራል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እግረኛ ነው። ሳይክሉን እየገፋ የሚሄድም እግረኛ ነው፤ ሲወጣበት ደግሞ ወደ ሳይክል ዓምድ ይገባል። ለስፖርት የሚሮጠው የራሱ ዓምድ ይኑረው። ሴት፣ ወንድ፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ብሎ መለየት የሚቻለው መንገደኛው ቀጠን ሲል ነው፤ ሲበዛ ቆጣሪውን ስለሚያወናብድ ለሁለት ሰው ይከፈል። ምልክቱ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ አራት ቋሚ መስመር፣ አምስተኛው አግድም። እኛ ዘንድ አንድ ቀን እስክሪብቶ ሲያልቅበት አብሮን የነበረው ተማሪ ከአጠገቡ ከምትሸጠው ሴት ሽምብራ ገዝቶ ከግራ ኪሱ ወደ ቀኝ ኪሱ እያዛወረ ቆጥሯል። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ ቀኝ ኪሱን ዘርግፎ ሲያየው ግን የተወሰነውን ሳያስበው በልቶት ኖሯል፤ የዚያን ሩብ ሰዓት ውጤት ሰርዘናል።

ጊዜውን በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት መክፈል ይጠቅማል። ጠዋት ከ1:00 እስከ 2:30፣ ቀትር ላይ ከ6:00 እስከ 7:30፣ ማታ ከ11:00 እስከ 12:30 ያለው ጊዜ የከተማውን ውሎ በደንብ ያሳያል። ቀኑን በተመለከተ ሰኞና ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆኑ በተለይ ወደ ገበያ በሚወስዱ መንገዶች ላይ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ማክሰኞና ረቡዕ የተሻሉ ናቸው። ቅዳሜን ለብቻው መቁጠር ይቻላል፤ ከሥራ ቀን ጋር መደመር ግን አይገባም። የአየሩ ሁኔታም በወረቀቱ ራስጌ ላይ ይጻፍ፤ ዝናብ በጣለበት ቀን የተቆጠረ ቁጥር ፀሐያማ ከነበረ ቀን ጋር አይወዳደርም።

የእኛን ስሕተት እዚህ ላይ መናዘዝ ተገቢ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ቆጠራችንን ያደረግነው ወደ ገብርኤል በሚወስድ መንገድ ላይ ነበር፤ ቀኑ ደግሞ ታኅሣሥ 18 ነበር። ከመካከላችን አንድም ሰው ማግስቱ የንግሥ በዓል መሆኑን ዘንግቶት አልነበረም፤ ነገር ግን ወረቀቱ ታትሞ፣ ሰውም ፈቃድ ወስዶ ስለነበር «ይሁን» ብለን ወጣን። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን መንገዱን ሞላው፤ እኛም በቁጥሩ ደስ ብሎን ገባን። በየካቲት ተመልሰን ስንቆጥር ሰዉ እጅግ ቀንሶ ተገኘ። በወረቀቱ ከሄድን የሁለት ወር ቅስቀሳችን ሰውን ከመንገድ አባሮታል ማለት ነው። የታኅሣሡን ቆጠራ ጥለን የየካቲቱን መነሻ ከማድረግ በቀር ምርጫ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ የቀን መቁጠሪያውን ሳላይ ቀን አልቆርጥም፤ ፊቼ ጫምባላላ፣ ጥምቀት፣ ኢድ፣ የተማሪዎች ምዝገባና የምረቃ ሳምንት ሁሉ በቀይ ይሰመርባቸዋል።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው ከእግረኛው ጎን የሚያልፈውን ሁሉ መቁጠር ነው። ከተማዋ እያደገች ስለሆነ እግረኛ ቢጨምር የባጃጅ ተሳፋሪም አብሮ ሊጨምር ይችላል፤ እንግዲያው የሚፈለገው የእግረኛው ድርሻ ነው። በዚያው መስመር ላይ ባጃጁን፣ ሳይክሉን፣ ሞተር ሳይክሉን፣ ታክሲውንና የቤት መኪናውን ይቁጠሩ። የእያንዳንዱን ባጃጅ ተሳፋሪ ማየት ስለማይቻል በየአምስተኛው ባጃጅ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ተመልክተው አማካዩን ያውጡና በባጃጆቹ ብዛት ያባዙ፤ ለታክሲውም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ እግረኛውን ለጠቅላላው መንገደኛ ሲያካፍሉት ድርሻው ይገኛል።

በመቁጠር ላይ ያለ ሰው ጥያቄ እንደሚቀርብለት ይወቅ። እኛ ወረቀት ይዘን ጥግ ላይ ስንቆም አንዲት እናት ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ቤት ልታፈርሱ ነው?» አሉኝ። ሜትርና ወረቀት የያዘ ሰው ሲታይ የሚታሰበው ይኸው ነው። «አይደለም እናቴ፣ በእግሩ የሚሄደውን ሰው ነው የምንቆጥረው» ስላቸው ይበልጥ ደነገጡ፤ «ሰው ይቆጠራል እንዴ? ዳዊትም ሕዝብ ቆጥሮ ነው የተቀጣው» አሉና አማተቡ። የእግረኛው መንገድ እንዲስተካከል ለቀበሌ ለማሳየት መሆኑን ካስረዳኋቸው በኋላ ጠየም ያለውን ፊታቸውን ፈታ አድርገው ክፍት የቀረ ቦይ ያለበትን ቦታ በእጃቸው ጠቆሙኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከቆጠራው በፊት ለቀበሌው ማሳወቅን፣ አጭር የትብብር ደብዳቤ መያዝንና ደረት ላይ የስም ባጅ ማድረግን ደንብ አደረግን።

ቁጥሩ በእጃችን ከገባ በኋላም ቸኩሎ መደምደም አይገባም። በአጋጣሚ ብቻ የሚመጣው ከፍና ዝቅ ማለት በግርድፉ ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት ጋር ይቀራረባል። ለምሳሌ በአንድ ሰዓት 400 እግረኛ ከተቆጠረ፣ ምንም ሳይለወጥ በሚቀጥለው ሳምንት 380 ወይም 420 ቢመጣ የሚያስገርም አይደለም፤ 430 ቢመጣም «ጨምሯል» ብሎ መማል አይቻልም። 500 ከመጣ ግን አንድ ነገር ሳይለወጥ አልቀረም። ይህም ቢሆን የዝናቡንና የበዓሉን ተጽዕኖ ሳይጨምር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን አጋጣሚው ያይላል፤ በሰዓት 30 ሰው በሚያልፍበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ አንድ ቀን ቆጥሮ ስለ ለውጥ ማውራት ራስን ማታለል ነው። መፍትሔው በሦስት ወይም በአራት ማክሰኞዎች ቆጥሮ መደመር ነው። በተጨማሪም ምንም ማበረታቻ የማይደረግበት ሌላ ተመሳሳይ መንገድ ተመርጦ በዚያው ቀንና ሰዓት ቢቆጠር፣ የነዳጅ እጥረት ወይም የታሪፍ ጭማሪ ሰውን ሁሉ ከባጃጅ ሲያስወርደው የእኛ ቅስቀሳ ያመጣው መስሎን አንታለልም።

ሰውን መጠየቅ

መንገድ ላይ የሚደረገው ቆጠራ ስንት ሰው እንዳለፈ ይነግረናል፤ ለምን በባጃጅ እንደሄደ ግን አይነግረንም። ለዚህ በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት አጭር መጠይቅ ያስፈልጋል። የጥያቄው አቀራረብ ብዙ ነገር ይለውጣል። «ብዙውን ጊዜ በምን ይመጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ሰው ስለ ራሱ የሚወደውን መልስ እንዲሰጥ ይጋብዘዋል፤ «ዛሬ ጠዋት በምን መጡ?» ማለት ግን የሆነውን ብቻ ያመጣል። በትምህርት ቤት መምህሩ ስም ሲጠራ «በእግሩ የመጣ እጁን ያንሣ፣ በባጃጅ የመጣ እጁን ያንሣ» ብሎ መዝገቡ ጥግ ላይ ቢጽፈው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ በየወሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ቢደረግ የዓመቱን ሂደት ያሳያል። ልጆች ሽልማት እንዳለ ከሰሙ ግን በባጃጅ የመጣውም እጁን ያነሣልና ሽልማቱን ከቆጠራው ማራቅ ነው።

በባጃጅ ለመጣው ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይቅረብለት፦ «ዛሬ በእግርዎ ያልመጡበት ምክንያት ምንድን ነው?» እኛ ከሰማናቸው መልሶች ውስጥ ርቀት በጣም ጥቂቱን ይዞ ነበር። ፀሐይ፣ ጭቃ፣ የመሸበት መንገድ፣ ውሻ፣ የሥራ ጫማ፣ «ላብ በላብ ሆኜ ደንበኛ ፊት መቅረብ አልችልም» የሚል፣ አንዳንዴም ዝቅ ባለ ድምፅ «በእግሬ ስሄድ ሰው ምን ይለኛል» የሚል ነበር። የመጨረሻው ትልቁ ሳይሆን አይቀርም። በእግር መሄድ የችግረኛ ምልክት ሆኖ እስከታየ ድረስ የተሻለ መንገድ መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ራሱ በሳምንት ሁለት ቀን በእግሩ ሲመጣ ከመቶ ፖስተር የበለጠ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

መንገዱን ራሱን መለካት

ከቆጠራውና ከመጠይቁ ጎን ለጎን መንገዱ ይለካል። አምስት ወይም ስድስት ሰው ሆነው ከመነሻ እስከ መድረሻ ይሂዱ፤ ከመካከላቸው ጋሪ የምትገፋ እናት፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ቢቻል ዓይነ ስውር ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ይኑር። ጤነኛ ወጣት ዘሎ የሚያልፈውን ሁሉ እነርሱ ያሳያሉ።

ሜትር ይያዝና የእግረኛው መንገድ ያልተዘጋ ስፋት በጠበበበት ቦታ ሁሉ ይለካ። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ለመተላለፍ 1.8 ሜትር ገደማ ይፈልጋሉ። በወረቀት ላይ ሦስት ሜትር የሆነ የእግረኛ መንገድ የአሸዋ ክምር፣ ብሎኬት፣ የቆመ መኪናና የማስታወቂያ ቋሚ የያዙት ቦታ ሲቀነስ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚቀረው ጊዜ አለ፤ እግረኛው ያን ጊዜ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ክዳን የሌለው ቦይ፣ የተሰበረ ንጣፍ፣ መብራት የሌለው ምሰሶ እያንዳንዱ በቁጥርና በፎቶ ይያዝ፤ ፎቶው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታና ከአንድ አቅጣጫ ይነሣ። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚስማማው ተዳፋት በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚያስፈልገው 1.8 ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ ያጠረ ሲሚንቶ ለፎቶ ይሆናል እንጂ ወንበር አያወጣም።

የማቋረጫውን ጊዜ በሰዓት መያዝ ብዙ ሰው የማያስበው ግን በጣም የሚጠቅም መለኪያ ነው። አንድ እግረኛ ዜብራ ጫፍ ላይ ከቆመ እስኪሻገር ስንት ሰከንድ ጠበቀ? ሃያ ሰው ላይ ለክተው አማካዩን ያውጡ። 14 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው በ12 ሰከንድ ገደማ ያቋርጠዋል፤ በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚሄዱ አረጋዊ ግን ከ17 ሰከንድ በላይ ይፈልጋሉ። የተሽከርካሪው ፍጥነት እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር፣ በ50 የሚሄደው ደግሞ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህ ርቀት አሽከርካሪው አይቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ ድረስ ብቻ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በትምህርት ቤት አካባቢ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስንጠይቅ ይዘን የሄድነው ይህንኑ ስሌት ነው።

ጀበና ዘርግተው ቡና የሚያፈሉትንና ሊስትሮዎቹን ከእግረኛ መንገድ ማባረር መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። እኔ አልስማማም። በመሸ ጊዜ ሴቶች ያለ ሥጋት የሚያልፉት እነርሱ ባሉበት በኩል ነው፤ ጭር ያለ ሰፊ መንገድ ማንንም አይጠራም። በቀለም መስመር ተሠምሮ ሁለት ሜትሩ ለመንገደኛ ከተለቀቀ፣ ጥላ ባለበት ጥግ በርጩማ መኖሩ ለደከመው እግረኛ ጥቅም ነው። መንገዱን በእውነት የዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ለወራት ያልተነሣ የግንባታ አሸዋ ነው።

ማበረታታት

እዚህ ድረስ የተሰበሰበው መረጃ ምን መደረግ እንዳለበት አብዛኛውን ነግሮናል። ሰው ርቀትን በልቡ አብዝቶ ይገምታልና በመጀመሪያ የደቂቃ ሰሌዳ ማዘጋጀት ርካሹና ፈጣኑ ሥራ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በር እስከ ፒያሳ፣ እስከ መናኸሪያ፣ እስከ ሐይቁ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በራስ እግር ተለክቶ በር ላይ ይለጠፍ። በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ይጻፍ፤ «1.2 ኪሎ ሜትር» የሚለው ለብዙው ሰው ረጅም ይመስለዋል፣ «15 ደቂቃ» የሚለው ግን የባጃጅ ጥበቃው ሲጨመርበት ያን ያህል ልዩነት እንደሌለው ወዲያው ይገባዋል።

በመሥሪያ ቤት የሥራ ጫማ ማስቀመጫ ሳጥን፣ ፊት መታጠቢያ ውኃና ለዝናብ ቀን የሚውሉ አምስት ስድስት የጋራ ጃንጥላዎች ከስብከት ይልቅ ይሠራሉ። ክረምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ የሚጥለውን ዝናብ አይቶ «ዛሬስ ይቅርብኝ» የማይል የለም፤ ጃንጥላው በር ላይ ተሰቅሎ ሲያየው ግን ሐሳቡን የሚለውጥ አለ። ለጀማሪ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ጉዞ እንዲለውጥ መጠየቅ ከንቱ ነው። ከሥራ ሲመለስ ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይጀምር፤ መመለሻው አይቸኩልም፣ ላቡም ቤት ይታጠባል።

ለትምህርት ቤት ልጆች በቡድን መሄድ የተሻለ ነው። በአንድ አቅጣጫ የሚኖሩ ስምንት ወይም አሥር ልጆች ጠዋት 1:20 ላይ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይሰባሰቡና ወላጆች በተራ እያደረሱ ይሂዱ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት የመንገዱን ግራ ይዘው ይሂዱ፤ በአገራችን ተሽከርካሪ ቀኝ ስለሚይዝ ከፊት የሚመጣውን እያዩ ይሄዳሉ። ተራው እንዳይፈርስ የወላጅ መምህራን ኅብረቱ ዝርዝሩን ቢይዝ መልካም ነው፤ እኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ የፈረሰው ተራውን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ነው።

የባጃጅ አሽከርካሪዎችን እንደ ጠላት ማየት ስሕተት ነው። አጭር ጉዞ ለእነርሱም ቢሆን ብዙ ትርፍ የለውም፤ ረጅሙን መንገድ፣ ሕመምተኛውን፣ ዕቃ የያዘውን የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። ከማኅበራቸው ጋር ተነጋግሮ ዜብራ ላይ ያለመቆምንና ሰው ለመጫን የእግረኛ መንገድ ላይ ያለመውጣትን ማስማማት ይቻላል፤ ይህም በቆጠራው ወረቀት ላይ «ዜብራ ላይ የቆመ» የሚል ዓምድ ተጨምሮ ይለካል።

ውጤቱን ለቀበሌና ለማዘጋጃ ቤት ማቅረብ

በስድስት ወር አንድ ጊዜ ውጤቱን በአንድ ገጽ ያዘጋጁ። አራት ቁጥር ይበቃል፤ የእግረኛው ድርሻ፣ «ዛሬ በእግሬ መጣሁ» ያለው ሰው ድርሻ፣ የማቋረጫው አማካይ የጥበቃ ጊዜና ክፍት የቀሩ ቦዮች ብዛት። ሁለቱ የሰውን ጠባይ፣ ሁለቱ የመንገዱን ሁኔታ ያሳያሉ፤ የሰው ጠባይ ሳይለወጥ መንገዱ ቢሻሻል አይደበቅ፣ ተገላቢጦሹም እንዲሁ። የቀነሰ ቁጥር ካለ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ኃላፊዎች ፊት የቀረበ ሪፖርት ሁሉም ነገር ጨመረ ካለ ማንም አያምነውም፤ «ሁለቱ ቦዮች ተከድነዋል፣ ሦስቱ ቀርተዋል፣ ቦታቸው ይኸውና» ያለ ግን ቢያንስ አንድ ባለሙያ ያስልካል። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቀው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እንዳለም በደብዳቤው መጥቀስ ይጠቅማል፤ ጥያቄው የጥቂት ሰዎች ፍላጎት ብቻ ሳይሆን በአገር ደረጃ የተያዘ አቅጣጫ መሆኑን ያሳያል።

መዝገቡን የያዘው ሰው ሥራ ቢለቅ ወይም ቢዘዋወር ሌላው እንዲቀጥል ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ ቆጣሪው የቆመበት ጎን፣ ሰዓቱና የጉዞ ትርጉሙ ይጻፍ። መስመሩን የሚያመለክት ነገር ከአንድ በላይ ይሁን። እኛ ምሰሶ ብቻ ጽፈን ስለነበር መንገዱ ሲታደስ ምሰሶው ተነቀለና በሁለተኛው ዓመት የት ቆመን እንደነበር ለማስታወስ የድሮዎቹን ፎቶዎች ይዘን ግማሽ ቀን ስንከራከር ዋልን፤ አሁን ምሰሶውም፣ የመድኃኒት ቤቱ በርም፣ የቤት ቁጥሩም ተጽፏል።